ዘጠኝ ምልክት

ነርሷ ደብተሩን ገልጣ ስታሳየው ጨርቅ ቆራጩ ምላጭ ደሙ ፈላ።

በየገጹ ሁለት ሰው ተስሏል፤ አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን የሰጠ፣ ዓይንም አፍም የሌለው፣ ወንድ ይሁን ሴት የማይለይ። ከሥራቸው አስር እርከን ያለው መሰላል አለ። ከመሰላሉ ጎን አምስት ክብ ፊቶች ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፣ የመጨረሻው ያለቅሳል። አራት ባለቀለም እርሳሶችም በላስቲክ ታስረው ከደብተሩ ጋር ተሰጡት።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ» አላት።

«አውቃለሁ አባቴ። ለሁሉም የምንሰጠው ይሄንኑ ነው። ለመምህሩም፣ ለጠበቃውም።»

አላመናትም። ከስድስተኛ ክፍል የወጣ ሰው ሥዕል ሲዘረጉለት ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው የወጣው ብቻ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ካርዱ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚለውን አይተው ነው፣ ሌላ ምን አለ?

ሲስተሯ የሱን ኩርፊያ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። በሽታው መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባል ረጅም ስም ነበረው። ነርቭ እንደ ሽቦ ሽፋን አለው፤ የገዛ ሰውነቱ ያንን ሽፋን እየላጠው ስለሆነ ከጭንቅላት የሚወጣው ትእዛዝ መንገድ ላይ እየተደናቀፈ ነው አለችው።

«ገበሩ ተበልቷል በዪኛ።»

«እንደሱ ይበሉት። ችግሩ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዛሬ እግር ላይ ነው፣ ነገ እጅ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ዓይን ላይ። በወር አንዴ መጥተው ‹ደህና ነኝ› ቢሉን ምኑን እናውቃለን? ሰው ደግሞ ይረሳል። ስለዚህ በየቀኑ ከእራት በኋላ የተሰማዎትን እዚህ ሰውዬ ላይ ይቀቡልኛል። ሲያምዎት ቀይ፣ ሲደነዝዝዎት ሰማያዊ፣ ሲንቀጠቀጥ አረንጓዴ፣ ሲዝል ቢጫ። መሰላሉ የድካም ነው፤ የደረሱበት እርከን ላይ ክብ ያድርጉ። ፊቶቹ የቀንዎ መልክ ናቸው። አለቀ።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«እኔና ዶክተሩ።»

«ሌላስ?»

«ኧረ ማን ያያል!» ብላ ሳቀች። ሳቋን እንደ ተበጠሰ ቁልፍ ኪሱ ከቶ ወጣ።

ኪሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልፍ ብዙ ነበር። አባታቸው ሲሞት ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ እስክሪብቶ፣ አንዱ መርፌ እንዲይዝ በዘመድ ፊት ተወሰነ፤ መርፌው ለታላቁ ደረሰ። ታናሹ ዲፕሎማ እስኪይዝ የለበሰውን ሁሉ የሰፋለት እሱ ነው፤ ሱሪው ሲያጥር ጫፉን ፈትቶ ያስረዘመለት እሱ ነው። ከዓመታት በኋላ የደንብ ልብስ ፋብሪካው የቆራጭ ክፍሉ አለቃ ጡረታ ሲወጡ ሰው ሁሉ «ቦታው የምላጭ ነው» አለ። በስልሳ ድርብ ጨርቅ ላይ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ነድቶ ከመስመር የማይወጣ፣ ስሙንም ከዚያ ያገኘ ሰው ነዋ። ወረቀት ሲጠየቅ ግን ወረቀት የለም። ወረቀት ያለው ታናሽየው መጣ። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ለኔ ሁላችሁም እኩል ናችሁ» አለ። ሁላችሁም ሲል ዓይኑ ወንድሙም ላይ አረፈ። ይኸው ሰባት ዓመቱ፤ ምላጭ ያቺን ዓይን አንድ ቀን እንኳ ከላዩ አላወረዳትም።

ስለዚህ በሽታውን ለፋብሪካው ሰው አልተናገረም። ሐኪም ቤት ሲሄድ «ወገቤን ነው» ይላል። ከመቁረጫው በላይ ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈ ሕግ አለ፤ ጤናው የተጓደለ ሰው ምላጩን አይነካም። ቦታውን በወረቀት ቀምተውታል። መቁረጫውን በሥዕል የሚቀሙት ከሆነ ግን ምን ይቀርለታል? እሱ ያለ መቁረጫው ማን ነው?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ደብተሩን በእውነት ሞላ። እየተበሳጨም ቢሆን ሞላ፤ ደጋግሞ ቀለም ሲቀባ ልማድ ሆነበት። ግራ እግሩን ሰማያዊ፣ ወገቡን ቀይ፣ ዓይኑ በሚፈዝበት ቀን ዓይን የሌለውን ፊት ቢጫ። ከሁሉ በላይ ያስፈራው ቀኝ እጁ ነበር። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ሰው የማያየው ጓንት እንዳጠለቀ ሰው ደንዝዘው ይውላሉ።

አንድ ማለዳ ግን ነገሩ ተገለጠለት።

አዲስ ጣቃ ሲመጣ ሳይመረመር አይቆረጥም። ከሥሩ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ይጎተታል። ነቁጥ፣ ቀዳዳ ወይም የተበጠሰ ክር በተገኘ ቁጥር በቀለም ጠመኔ ይከበባል። አስረኛው ክብ ያረፈበት ጣቃ ምንም ቢያምር አይቆረጥም፤ ተጠቅልሎ ለላከው ይመለሳል። ለአዲስ ገቢዎች ይህን ሕግ የሚያስተምረው ራሱ ምላጭ ነበር። በዚያች ማለዳ አንድ ግራጫ ጣቃ ላይ ሰባተኛውን ክብ ሲያደርግ እጁ ባለበት ቀረ። ቀይ ክብ። ሰማያዊ ክብ። ቢጫ ክብ። ጨርቁን ትቶ መብራቱ ላይ አፈጠጠ።

«ጋሽ ምላጭ፣ ምን አገኘህ? ቅማል ነው?» አለችው ዘርጊዋ። ዘርጊዋ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆማ ጨርቁን ድርብ በድርብ የምትዘረጋለት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊቱ የማትጠፋ፣ አፏ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት።

«ዝም ብለሽ ሳቢ!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እንዴት እስከ ዛሬ አላየውም? ሰውዬው ጣቃ ነው! እየመረመሩት ነው፣ እየከበቡት ነው፤ ያውም በገዛ እጁ። ሲሞላ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ቤት እንደገባ የትናንቱን ገጽ ቆጠረ፤ አስራ አራት። ገጹን ሊቀደው አሰበ፤ ግን ገጾቹ ቁጥር ነበራቸው። አያ ብልጦች!

እሱም ሞኝ አይደለም። አስራ አራቱን ባንዴ ቢያወርደው ይነቃበታል፤ በማግስቱ አስራ ሁለት፣ ቀጥሎ አስራ አንድ፣ አስር፣ ከዚያም ዘጠኝ ላይ አቆመው። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ቢደፋ ከዘጠኝ አያልፍም። መሰላሉን አራተኛው እርከን ላይ ቸነከረው። ፊቶቹ መካከል የማይስቅ የማያለቅሰውን መረጠ። ምልክቶቹን እግርና ወገብ ላይ ይበትናቸዋል፤ ቀኝ እጁን ግን የፀጉር ያህል እንኳ አልነካውም።

ሚስቱ ሳህን እያነሳች በትከሻው አሻግራ አየች።

«ቀኝ እጁ ባዶ ነው።»

«ምን አገባሽ?»

«ዛሬ ማንኪያ ሦስት ጊዜ ጥለሃል። ሰማያዊው የት አለ?»

«ቦታ የለም።»

«ምን ማለት ነው ቦታ የለም? ክንዱ እንዳለ ነጭ ነው እኮ።»

«ዘጠኝ ሞልቷል አልኩሽ!»

«ዘጠኝ ምን?» እርሳሶቹን በላስቲክ ማሰር ጀመረ። እሷ ግን አልለቀቀችውም። «አንተ ሰውዬ፣ የምታታልለው ማንን ነው? ዶክተሩን ነው ወይስ ራስህን?»

«አንቺስ የማን ሰላይ ነሽ?»

«የማንኪያው!» ብላው ሳህኗን ይዛ ገባች።

ነገሩ ግን አላሳቀውም። ሚስቱና የታናሹ ሚስት በስልክ ሲንሾካሾኩ ይውላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩን ሲዘጋ አንድ ነጭ ክር ሽፋኑ ላይ በቀጭኑ ያሳርፋል፤ የነካው ሰው ካለ ክሩ ይመሰክራል። በሦስተኛው ቀን ክሩ ወለል ላይ ተገኘ።

«ማን ነካው?»

«ጠረጴዛውን ወለወልኩ።»

«ጠረጴዛውን ዛሬ ምን ልዩ አደረገው?»

«ወይ ጣጣዬ! አቧራ ነዋ ልዩ ያደረገው። ከፈለግህ ነገ አቧራውንም ጥራና መርምረው።»

መልሷ ፈጠነበት። ንጹሕ ሰው መልስ አያዘጋጅም ብሎ ደብተሩን ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ቀየረው።

ወሩ ሲሞላ ሐኪም ቤት ሄደ። ዶክተሩ ገጾቹን ገላለጠ። «በጣም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ከፍ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ወረደና ተረጋጋ። መድኃኒቱ ይዞልዎታል ማለት ነው። በዚሁ እንቀጥል» አለ። ሲስተሯ ግን ገጾቹን አንድ በአንድ በጣቷ እያለፈች ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አያት። እየቆጠረች ነበር።

«ደስ የሚል ነው» አለች በመጨረሻ። «ልክ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።»

በሚቀጥለው ወር አንዳንድ ቀን ስምንት ማድረግ ይኖርበታል ብሎ ወሰነ።

ፋብሪካው ውስጥ ደግሞ ነገሮች አላማሩትም። መጀመሪያ ያስተዋለው የመቁረጫውን ምላጭ ነው። አንድ ምላጭ ቢያንስ ሦስት ወር ያገለግላል፤ አሁን ግን ታናሽየው በአስራ አምስት ቀኑ «ይቀየር» ይላል። «ደህና ነው እኮ» ቢለው «ግዴለም ጋሼ፣ አዲስ ይግባ» ይላል። ጋሼ የምትለዋ ቃል ራሷ አጠራጠረችው፤ በሥራ ቦታ እንዲህ ብሎት አያውቅም ነበር። ቀጥሎ የስፌት ሴቶቹ። ባጠገባቸው ሲያልፍ ሳቃቸው ይቋረጣል። የቆረጠው ጨርቅ እነሱ ዘንድ ሲደርስ ከግራ ከቀኝ ይተያያሉ። ቀጥሎ ዘርጊዋ። እንደ ጥንቱ ሥራ ሲያልቅ ቀድማ አትወጣም፤ «አንተ ታጠብ፣ እኔ እሰበስባለሁ» ብላ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ትላለች። ምን ትሰበስባለች? ሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ድንገት ደግ አይሆንም።

ከዚያ በርጩማው መጣ። አንድ ሰኞ ቆራጭ ክፍል ሲገባ ከመቁረጫው አጠገብ ረጅም፣ መቀመጫው በስፖንጅ የተሸፈነ በርጩማ ቆሟል።

«የማን ነው?»

«ያንተ ነው» አለ ታናሽየው፤ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ። «እያረፍክ ሥራ። እግርም ይደክማል።»

«ስለ እግሬ ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሰላሳ ዓመት ቆሞ የሠራ ሰው እግሩ አይደክምም እንዴ?»

«እጄስ? ስለ እጄስ ማን ነገረህ?»

ታናሽየው ቀና አለ። «ስለ እጅህ ምን አልኩ ጋሼ?»

ምላጭ ምላሱን ነከሰ። የራሱን አፍ ሊረግመው ምንም አልቀረው። በርጩማውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቆሞ ሠራ። በእለቱ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ ከዳው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጫማውን የሚያስር መስሎ ተንበረከከ።

«የጫማህ ማሰሪያ ዛሬ አስቸገረህ» አለችው ዘርጊዋ።

«አንቺን ምን አስቸገረሽ?»

«እኔንማ ጫማህ ማሰሪያ የሌለው መሆኑ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። ደብተሩ ተነቧል። ሲስተሯ ይሁን ሚስቱ የሚለው ብቻ ነው የቀረው።

በዚያው ሳምንት አርብ ከቀትር በኋላ መቁረጫው ቆመ፤ ምላጩ ተሰብሮ ነበር። ታናሽየው ስብሰባ ላይ ስለነበር ምላጭ ራሱ ቢሮ ገብቶ አዲሱን ሊያወጣ መሳቢያውን ሳበ። ከምላጮቹ ካርቶን ሥር አንድ ነገር እጁ ገባ። የጨርቅ ቅዳጆች ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ ረዣዥም፣ ሃያ ይሁኑ ሠላሳ፣ ባንድ ሲባጎ ተሰክተው። በያንዳንዱ ላይ ትንሽ ካርድ ተንጠልጥላለች። ካርዷ ላይ በታናሹ ድርድር ያለ የተማሪ ጽሕፈት ቀን ተጽፏል፤ ከቀኑ ቀጥሎ አንዲት ቃል። «የጋሼ።»

ማስረጃ! ስንት ወር እየሰበሰቡበት ነው! ቅዳጆቹን ጋዋኑ ሥር ሸጎጠና ምላጩንም ሳይዝ ወጣ።

እሁድ ሚስቱ እህቷ ዘንድ ስትሄድ በሩን ቆልፎ አልጋው ላይ ዘረጋቸው። ሊያቃጥላቸው ነበር ያሰበው፤ ክብሪቱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ያነበበ ሰው ጨርቅ ሳያነብ አያቃጥልም። በየቀናቸው ደረደራቸው።

እያንዳንዱ ቅዳጅ ሁለት ጠርዝ ነበረው። አንዱ ጠርዝ ቀጥ ያለ፣ በእጅ መቀስ ዝግ ተብሎ የተቆረጠ። የዘርጊዋ መቀስ ነው፤ መቀሷ ጫፉ ላይ ትንሽ ይነክሳል፣ ያውቀዋል። ሌላው ጠርዝ የመቁረጫው ነው። የሱ ነው። ከመስመሩ የወጣበትን ሁሉ እሷ ከታች ሆና ስታስተካክል የተረፈው ይሄ ነው። ቅዳጁ የሰፋውን ያህል እሱ ስቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከክር ብዙም አይወፍሩም። ማንም ቆራጭ እንዲህ ይስታል። በሁለተኛው ወር የስንዴ ፍሬ ያህላሉ። ከዚያ ጠርዙ መሞገድ ይጀምራል፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ክንዱ እንደተመታ ሰው ስብር ይላል። የመጨረሻው፣ ያለፈው ሐሙስ የሚለው፣ የሌባ ጣቱን ያህል ሰፊ ነበር። ጣቱን አጠገቡ አስተኝቶ ለካ።

ደብተሩን ከካልሲው መሳቢያ አወጣና ጎን ለጎን ገለጠው። ቅዳጁ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ቀን፣ ደብተሩ ዘጠኝ። ቅዳጁ ሞገድ የሆነ ቀን፣ ዘጠኝ። ጣት የሚያህል ቀን፣ ስምንት። ቀኝ እጁ በሁሉም ነጭ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን «ይሄ ሰው መቁረጫ ያዘ ማለት ወንጀል ነው» ይል ነበር። ቅዳጆቹን አንድ በአንድ ሲባጎው ላይ መልሶ ሰካቸው።

ሰኞ ጠዋት የታናሹ ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋና ሲባጎውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«መቼ ነው የምታባርረኝ?»

ታናሽየው ፊቱ ዳማ ሆነ። «መሳቢያዬን ከፈትክ?»

«አንተ እኔን ከፍተህ የለም እንዴ! ማን ነገረህ? ሚስቴ ናት? ሲስተሯ ናት?»

«የምን ሲስተር?»

«አትቀልድብኝ! ደብተሩን ማን አሳየህ?»

«ጋሼ፣ የምን ደብተር እንደምትል አላውቅም። እናቴን ላጣ አላውቅም» ብሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «እናታችንን፣ ካጣናት ቆይተናል እንጂ። ስማኝ። ከስፌት ክፍል ‹እጅጌዎቹ አይገጥሙም› አሉኝ። የማን ቁርጥ ነው ስል ያንተ። አላመንኩም። ምላጩ ነው አልኩ፣ ቀየርኩት። አሁንም አይገጥምም። ደግሜ ቀየርኩት። ዘርጊዋን ‹ከዛሬ ጀምሮ የምትከረክሚውን አምጪልኝ› አልኳት፣ ቀን ጻፍኩበት። ምላጩ ነው ወይስ እጁ ነው የሚለውን ለማወቅ ሌላ ምን መንገድ ነበረኝ? አራት ምላጭ ቀየርኩ። ቅዳጁ አዲስ ምላጭ በገባ ማግስት እንኳ አይጠብም። ያኔ እጁ ነው አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በርጩማ አመጣሁ።»

«ለምን አትጠይቀኝም ነበር?» አለ ምላጭ።

«አንተን? አንተን ማን ይጠይቃል? ‹እኩል ናችሁ› ያልኩ ቀን አንድ ዓመት ሙሉ አኩርፈኸኛል። ወንድሙ ስለሆነ ያዳላል እንዳይሉህ ብዬ ነበር። እጅህ እንዴት ነው ብልህ ደግሞ እስከ መቃብር ነው።»

«ልትጽፍብኝ ነበር። ለበላይ።»

ታናሽየው ዓይኑን አልሰበረም። «አልዋሽህም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ምላጩ ከጨርቅ ወደ ጣት ቢሻገርስ? ያንተም ይሁን የሷ። እሷ እኮ እጇ ከምላጩ አንድ ክንድ አይርቅም።»

«ታዲያ ማን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም ያውቃል። ስልሳ ሴት እጅጌ እየለካች ትሰፋለች፣ እንዴት አያውቁም? ያላወቀ ካለ እንግዲህ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ምላጭ ግን ጨረሰው። ያላወቀው ዶክተሩ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኖ እንኳ ልቡ ሙሉ በሙሉ አላመነም። ሦስቴ የተጀመረ ደብዳቤ አራተኛ ጊዜ አይጀመርም ያለው ማን ነው? ግን ቅዳጆቹን መልሶ አነሳና «እነዚህን ለሁለት ቀን እፈልጋቸዋለሁ» አለ።

«ያንተው ናቸው።»

ቀጠሮ ሳይኖረው ሐኪም ቤት ሄዶ ሲስተሯ እስክትወጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀ። ሚስቱም አብራው ነበረች፤ «እኔም እሄዳለሁ፣ ለማንኪያው እመሰክራለሁ» ብላ። በሲስተሯ ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን በስተግራ፣ ቅዳጆቹን በስተቀኝ ዘረጋላት። ምን እንደሆኑ አስረዳት። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ የሌላ ሰው ጥፋት የሚያመለክት ይመስል ነበር።

ሲስተሯ ቅዳጆቹን ነካች፣ ደብተሩን አየች፣ መልሳ ቅዳጆቹን ነካች።

«ሁልጊዜ ዘጠኝ የሆነው ለምንድን ነው?»

«አስር ከሞላ ይመለሳል ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ጣቃው» አለና የጣቃውን ሕግ ነገራት። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሲስተሯ አልሳቀችም።

«እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው አባቴ» አለች ቀስ ብላ። «ምልክት የበዛበትን ነው ቀድመን የምንጠራው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሲሉኝ ከወረፋው መጨረሻ አስቀመጥኩዎት። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ እንዲህ ቀጥ ያለ በሽታ የለም፣ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ዶክተሩ ተጠራ። የጭንቅላት ፎቶ በአስቸኳይ ታዘዘ። በማግስቱ መድኃኒቱ እንዳልያዘ፣ ሌላ ጠንከር ያለ መጀመር እንዳለበት ተነገረው። «እጄ ይመለሳል?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ «ከዚህ እንዳይብስ እናደርጋለን። ያለፉት ሁለት ወራት የወሰዱትን ግን ምን ያህሉን እንደምናስመልስ ቃል መግባት አልችልም» አለው። በንዴት ቢነግረው ይሻለው ነበር። እንዲያ በትሕትና ሲነግረው የሚያኮርፍበት ሰው አጣ።

ሐሙስ ጠዋት ቆራጭ ክፍሉ ውስጥ ስልሳ ድርብ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቶ ቅዱ ከላዩ ተሰምሯል። ታናሽየው በር ላይ ቆሟል፤ ምንም አላለም። ምላጭ ቆራጭ ጣቱ እንዳይቆረጥ የሚለብሰውን የብረት ጓንት ከግራ እጁ አወለቀ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ወዲያ ማዶ ወረወረው።

ዘርጊዋ ጓንቱን አየች፣ እሱን አየች። «ምን ላድርገው?»

«ልበሺው ነዋ! ሻይ ልታፈዪበት ነው?»

«ጋሽ ምላጭ…»

«መድኃኒቱ እስኪይዝ ነው። ስድስት ወር ብለዋል። ‹እስኪይዝ› ያልኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል?» ሲል ወደ በሩ ጮኸ። ታናሽየው ራሱን ነቀነቀ።

ቦታ ተለዋወጡ። እሱ እሷ በቆመችበት ማዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁ እንዳይንሸራተት በግራ መዳፉ ተጫነው። እሷ መቁረጫውን አስነሳች። ድምፁ ከዚህ ማዶ ሲሰማ ሌላ ነው፤ ይበልጥ ያስፈራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ነው ስትሰማ የኖረችው?

«አታስቸኩዪው። ምላጩ ራሱ ይሂድ፤ አንቺ ተከተዪው።»

«እሺ።»

«ጥጉ ላይ ትከሻሽን አዙሪ እንጂ እጅሽን አታዙሪ።»

«አውቃለሁ። ስድስት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ።»

ስድስት ዓመት። ለካ ጨርቅ ብቻ አልነበረም የምትዘረጋው፤ ቦታውን እያጠናች ነበር። ማታ ማታ ከጠረጴዛ ሥር የምትሰበስበው፣ ቅዳጁን ለአለቃ የምትወስደው እሷ አይደለችም? ቀና ብሎ አፍጥጦ አያት። ላቧ ከግንባሯ እየወረደ ነው፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ዓይኗ ከመስመሩ አይነቀልም።

መቁረጫው ጥጉን ዞሮ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በግራ እጁ ጣት ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፤ ከስልሳው ድርብ አንዱም አልወጣም፣ አንዱም አልገባም።

«እንዴት ነው?» አለች ትንፋሿን ይዛ።

«ቀጣዩን እጅጌ ቁረጪ» አላት። «አንዱን ማን ያውቃል፤ በአጋጣሚም ይሆናል።»